ከብርዑ ይልቅ ጸሐፊውን

አንድ ደራሲ መጽሐፍ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ ስለ ድርሰቱ ሊያነጋግረው የሄደ ሰው «ይህን መጽሐፍ የጻፉት በየትኛው ብርዕ ነው? ብርዑንስ በስንት ብር ገዙት?» ብሎ ቢጀምር፣ ጠያቂው ወይ ቀልደኛ ነው ወይም ስለ ድርሰት ምንም አያውቅም ተብሎ ይሳቅበታል። ሠዓሊን ስለ ብሩሹ ዋጋ፣ ባለ ቅኔን ስለ መቋሚያው ርዝመት የሚጠይቅ ሰው አልታየም። ጥያቄው ወደ ፎቶግራፍ አንሺ ሲዞር ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በራዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን፣ በጋዜጣም ሆነ በስብሰባ አዳራሽ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ለጭውውት በተጋበዘ ቍጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ካሜራ ነው የሚያነሡት?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዋጋው ምን ያህል ነው?» የሚል ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ «ከውጭ አገር ምን ሽልማት አገኙ?» ይላል። ከዚህ በኋላ ሰዓቱ ያልቅና እንግዳው ተመስግኖ ይሰናበታል።

እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። የምንቃወመውም ፎቶግራፍ አንሺዎች ይሞገሱልን ብለን አይደለም፤ ሙገሳማ ሞልቷል። የምንቃወመው ጥያቄ ራሱ ፍርድ ስለ ሆነ ነው። ሰውን ስለ መሣሪያው ብቻ የሚጠይቅ ሰው፣ ሥራውን የሠራው መሣሪያው ነው ብሎ አስቀድሞ ፈርዶበታል። ይህም ፍርድ በጭውውቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ጋዜጣው ገጽ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ፣ እስከ አገሪቱ ሕግም ድረስ ይዘልቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ለመሆኑ ፎቶግራፍ ማንሣት ምንድን ነው? ካሜራ በብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ በፊቱ ያለውን ሁሉ ይቀበላል እንጂ አይመርጥም። የሚመርጠው ሰው ነው። የት ልቁም? ልቅረብ ወይስ ልራቅ? የጧቱን ብርሃን ልጠብቅ ወይስ በቀትሩ ልሥራ? በፊቴ ከሚታየው ሁሉ የትኛውን ከሥዕሉ ውጭ ልተው? ሰውየው ቀና ባለ ጊዜ ላንሣ ወይስ ባቀረቀረ ጊዜ? እነዚህን ጥያቄዎች ፎቶግራፍ አንሺው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይመልሳቸዋል። የዓይን ጥቅሻ በምታህል ጊዜ ውስጥ ፍርድ መስጠት ከብዙ ዓመት ልምድና ትዕግሥት በቀር የሚገኝ አይደለም።

በጥምቀት ዕለት ሁለት ሰዎች አንድ ዐይነት ካሜራ ይዘው ጃን ሜዳ ቢገቡ፣ አንደኛው ታቦታቱንና ባለ ወርቅ ዘርፉን ጥላ፣ የካህናቱን ወረብ አንሥቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ደግሞ ፊቱን ከሰልፉ መልሶ፣ በሰው እግር መካከል ተሸጉጣ የተረጨውን ጠበል በእጅዋ ለልጅዋ የምታቀብል እናት አንሥቶ ይመለሳል። ሁለቱም እውነቱን አንሥተዋል። ሆኖም ሁለቱ ሥዕሎች ስለ አንድ በዓል የሚናገሩት የተለያየ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ካሜራው አይደለም፤ ካሜራው አንድ ነውና። ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች ሊያነጋግር የሚወድ ጠያቂ ሊደርስበት የሚገባው ነጥብ ይህ የተለያዩበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ መምህሩ ዝም ብሎ አይሰማውም። ሰሙ የት ላይ ነው? ወርቁስ? ይህን ቃል ትተህ ያንን ስለ ምን መረጥህ? ምሥጢሩን ከየትኛው ታሪክ አመጣኸው? እያለ ይመረምረዋል፤ የጐደለውን ያቀናለታል፤ የተሳካለትን ይመርቅለታል። ተማሪውም ለመረጠው ቃል ሁሉ መልስ ሊኖረው ይገባል። ተማሪውን ስለ ቀለም ቀንዱና ስለ ብራናው ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሚያሰናብት የቅኔ መምህር አልነበረም። ይህን የመሰለ የምርመራ ሥርዐት ከአባቶቹ የወረሰ ሕዝብ የብርሃኑን ባለ ቅኔ በገበያ ዋጋ ጠይቆ ሲሸኝ ማየት ያሳዝናል።

«ካሜራማ ለሕፃንም ቢሰጡት ያነሣል» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፤ ያነሣል። ብርዕም ለሕፃን ቢሰጡት ይሞነጭራል። በዛሬው ዘመን የእጅ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ እንደሚያነሣ እናውቃለን። ነገር ግን ፊደል የቈጠረ ሁሉ ደራሲ እንዳልሆነ፣ ስልክ የያዘም ሁሉ የፎቶግራፍ ጥበበኛ አይደለም። እንዲያውም የሚያነሣው ሰው በበዛ መጠን ጥበበኛውን ከሌላው የሚለየው መሣሪያው መሆኑ እየቀረ፣ ፍርዱና አስተያየቱ ብቻ እየሆነ ይሄዳል። መሣሪያው በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለ መሣሪያ መጠየቅ ምን ፍሬ ይሰጣል?

ይህ ክርክር ፎቶግራፍ ከተጀመረበት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ከታሪካችን ጋር የተያያዘ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች የታወቀች እንግሊዛዊት ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት ላይ የልዑሉን ፎቶግራፍ አነሣች። ያ ሥዕል ዛሬም በየመጽሐፉ ይታያል።

የካሜሮን ሥዕሎች ደብዘዝና ለስለስ ያሉ ስለ ነበሩ በዘመኗ የነበሩ ነቃፊዎች መነጽሩን ማስተካከል የማታውቅ ሴት አድርገው ይቈጥሯት ነበር። እርስዋ ግን ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ሥራዋ በጻፈችው ማስታወሻ፣ ያ ልስላሴ መጀመሪያ በአጋጣሚ የመጣ ቢሆንም በኋላ ወዳው እንደ ያዘችው፣ መነጽሩን ስታስተካክልም ሥዕሉ ለዓይኗ ውብ ሆኖ ከታያት ላይ እንደምታቆም ገልጻለች። ነቃፊዎቹ ጉድለት ያሉት ነገር ምርጫ ነበር። ስለ ሥራዋ የተናገረችው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ምናልባት አንድ ያልተማረች አንሺ ተብላ ብቻ ትታወስ ነበር።

የልዑሉንም ሥዕል በዚሁ ዐይን ልንመለከተው ይገባናል። ልጁ እንደዚያ አቀርቅሮ እንዲቀመጥ ማን ፈለገ? ልብሱንና ጌጡን ማን መረጠለት? አባቱን ካጣ ገና ጥቂት ወራት ላለፈው ልጅ ይህ መልክ የራሱ ሐዘን ነውን ወይስ እንግሊዞች ከእርሱ ሊያዩ የፈለጉት ሐዘን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው ከአንድ ሥዕል የሁለት አገር ታሪክ ያነባል። ስለ ካሜራው ብቻ የሚጠይቅ ሰው ግን የሚያገኘው አንድ የእንጨት ሣጥንና አንድ መነጽር ነው።

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሥዕልን ሙያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቁ፣ ኋላም የዘይት ቀለም ለጤናቸው ስላልተስማማቸው ብሩሹን ትተው ወደ ፎቶግራፍ የዞሩ ሰው ናቸው። ከሥራዎቻቸው መካከል አንዱ በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች በሐውልት ላይ የተለጠፉትን የሟቾች ፎቶግራፎች ያሳያል። ፀሐይና ዝናም ብዙዎቹን ልጧቸዋል፤ ከአንዳንዱ ዐይኑ ቀርቶ አፉ ጠፍቷል፤ ከሌላው የፊቱ ዳር ብቻ ቀርቷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። መልክስ? የሞተውን ሰው መልክ እንዲያቆይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ ራሱ ሲሞት ማን ያቆየዋል? እኒህን ሰው የማነጋገር ዕድል ያገኘ ጋዜጠኛ ይህን ሳይጠይቅ ስለ ካሜራ ዐይነት ሲጠይቅ ቢውል፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ማለት ይህ ነው።

አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2007 በባማኮ በተደረገው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ትርኢት የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት ያገኙ፣ በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ በዓል በአዲስ አበባ የመሠረቱ ናቸው። በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው ድርጅት ስለ ውሃ ችግር የሚናገሩ ሥዕሎችን ሲያዘጋጁ ወደ አፋር ምድር ወርደው በዳሎል የጨውና የእሳተ ገሞራ መሬት ላይ፣ ደማቅ ልብስ የለበሱና ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶችን አቁመው አነሡ። ስለ ውሃ ጥም ሲነገር ዓለም ማየት የለመደው የሚያለቅስ ሕፃንና የተሰነጣጠቀ መሬት ነው። እርሳቸው ያን የተለመደ አቀራረብ ሆን ብለው እንደ ተዉት በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል።

እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር አለ። ውበት ጥምን አይሸፍነውምን? ቀለሙን የሚያደንቅ ተመልካች እንስራ ተሸክማ ረዥም መንገድ የምትጓዘውን ሴት ይረሳት ይሆንን? ወይስ በተቃራኒው፣ ምስኪን ሥዕል ማየት የሰለቸው ዓይን የሚነቃው በውበት ብቻ ነውን? እኛ በዚህ ክርክር የአንዱን ወገን ይዘን ለመሟገት አልተነሣንም። የምንለው ይህ ክርክር በጭውውቱ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለበት ነው። ጥበበኛን በከባድ ጥያቄ መፈተን ማክበር ነው፤ ስለ ሽልማቱ ብቻ ጠይቆ ማሰናበት ግን የክብር ልብስ አልብሶ ከደጅ ማስቀረት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌያችን ግርማ በርታ ናቸው። እርሳቸው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚመላለሱትን ሰዎች በእጅ ስልክ ካነሡ በኋላ፣ እያንዳንዱን ሰው ከጎዳናው ለይተው በአንድ ዐይነት ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ያቆሙታል። መንገዱ፣ ታክሲው፣ ግንቡ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ይጠፋል፤ ሰውየውና ጥላው ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ከሰጡት የሥራ ማካሄጃ ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ስልክ መሆኑን ሰምቶ «በስልክ ብቻ!» እያለ የሚደነቅ ጠያቂ ብዙ ነው። ዳሩ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በየቀኑ በአጠገቡ አልፈን የማናየውን ሰው ለማየት ጎዳናውን ማጥፋት ያስፈለገው ስለ ምንድን ነው? ሌላው ሁሉ ሲቈረጥ ጥላው ስለ ምን ቀረ? አንድን ሰው ከኑሮው ነጥሎ ማቆም ማክበር ነውን ወይስ ከታሪኩ መለየት? ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ሊቀመጥ የሚገባው ቅርስ ነው።

የግርማ በርታ ሥራ ወደ ሁለተኛው የተቃዋሚዎቻችን ነጥብ ያደርሰናል። «ፎቶግራፉንስ እሺ እንበል፤ በኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥዕል ግን የሚሠራው ኮምፒዩተሩ ነው፤ አንዱን ቈርጦ ከሌላው ላይ መቀጠል ጥበብ አይባልም» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የድሮውን ፎቶግራፍ ቤት ረስተውታል። ኮምፒዩተር ሳይመጣ በፊት የፎቶግራፍ ቤት ባለሙያ በኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊትን ጠባሳ ያጠፋ ነበር፤ ጥቁርና ነጩን ሥዕል በእጁ ቀለም እየቀባ ከንፈሩን ያቀላ ነበር፤ ከደንበኛው በስተኋላ ቤተ መንግሥት ወይም ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ይዘረጋ ነበር። ሥዕልን በእጅ ማረም ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ ያደገ ሙያ ነው። ኮምፒዩተር የጨመረው ፍጥነትንና ብዛትን ነው። አንዱን ሥዕል ከሌላው ላይ የሚደርበው፣ ይህ ቀለም ይጥቈር ያኛው ይፍካ የሚለው፣ በመጨረሻም «አሁን ይበቃል» ብሎ እጁን የሚያነሣው ያው ሰው ነው። «ይበቃል» ማለትን ማወቅ ደግሞ በማናቸውም ጥበብ ዘንድ ከባዱ ዕውቀት ነው።

ኪያ ታደለ የሚመሩት ያጥሬዳ የተባለው የቤተሰብ የጥበብ ቡድን የኢትዮጵያን ታሪክና አፈ ታሪክ በጥቁርና ነጭ፣ በዝግታ በሚንቀሳቀሱ የኮምፒዩተር ሥዕሎች እያዘጋጀ ያቀርባል። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ በቶሌዶ ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለተመልካች ቀርቧል። እንዲህ ያለውን ሥራ በሚመለከት ጭውውት ውስጥ ስለ ኮምፒዩተር ገበያና ስለ ሽያጩ ዋጋ ማውራት ጠያቂውን ይቀናዋል። ነገር ግን አንድ የጥንት ጀግና ፎቶግራፍ ያልነበረበት ዘመን ሰው ሆኖ ሳለ በፎቶግራፍ መልክ ሲቀርብልን፣ ልብሱ፣ የጠጕሩ አሠራር፣ መሣሪያው ከየትኛው ምንጭ እንደ ተወሰደ መጠየቅ የተማሪም የመምህርም ግዴታ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ያልነገረንን ያ ሥዕል ይነግረናልና፤ ምን ያህሉ ከምርምር፣ ምን ያህሉ ከሐሳብ እንደ መጣ ካልተጠየቀ ልጆቻችን ሐሳቡን ታሪክ ነው ብለው ይይዙታል።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ በትሕትና ስም ይከራከራል። «ሥራው ራሱ ይናገር፤ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን እንኳ ሳይጽፉ ለእግዚአብሔር ሠርተው አልፈዋል» ይለናል። ብዙዎቹ ስማቸውን እንዳልጻፉ አንክድም። ነገር ግን በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ጽፎ ትቶልናል። ያች አንዲት ፊርማ በመገኘቷ የታሪክ ሊቃውንት ሌሎቹን ሥዕሎች ከእርስዋ ጋር እያስተያዩ የአንድ ሠዓሊን እጅና የተከታዮቹን መንገድ ለመለየት ችለዋል። ስም አለመጻፍ ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ የሌላውን ሰው ስም አለመጻፍ ግን ትሕትና ተብሎ አያውቅም። በጋዜጣ ላይ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ስሙ የሚያትም አዘጋጅ የማንን ትሕትና እየፈጸመ ነው?

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሥርተዋል። የዚያን አዳራሽ የመስታወት ሥዕሎች የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ መሆናቸውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ይገባልም። በዚያው አዳራሽ በዚያው ቀን የመሪዎቹን ፎቶግራፍ ያነሡት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ከአንባቢዎቻችን መካከል ስንቱ ሊነግረን ይችላል? ፎቶግራፎቹን ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በየመጽሐፉ፣ በየአዳራሹ፣ በየቀን መቍጠሪያው አይተናቸዋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ይህ የንቀት አስተያየት ከወሬ አልፎ በአዋጅ ውስጥ ገብቷል ያልነውን ማስረዳት ይጠበቅብናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996፣ የደራሲ የገንዘብ መብት በሕይወቱ ዘመን ሁሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት እንዲጠበቅ ደንግጓል። ለፎቶግራፍ ግን ጥበቃው ሥዕሉ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ እንዲሆን ወስኗል። እንግዲህ አንድ ሰው በ25 ዓመት ዕድሜው ያነሣው ሥዕል በ50 ዓመቱ፣ እርሱ ገና በጕልበቱ ሳለ፣ ከእጁ ይወጣል ማለት ነው። በዚያው ዕለት ግጥም የጻፈ ጓደኛው ግን መብቱን ለልጆቹ ያወርሳል። አዋጁ ይህም አልበቃውም፤ ፎቶግራፉ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ ክፍል ሲሆን፣ ወይም በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የባለቤቱ ወይም የወኪሉ ስም ምልክት ወይም አድራሻ ሲኖርበት ነው ብሏል። ስለዚህ ስምን ከሥዕል ሥር ማስቀረት የአክብሮት ጕድለት ብቻ አይደለም፤ የሰውን መብት ማስረጃ እንደ ማጥፋት ነው።

ይህን የመሰለ ልዩነት የደነገገች አገር ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። የበርን ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውልም ለፎቶግራፍ ዝቅተኛውን ጊዜ 25 ዓመት አድርጎ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በጄኔቭ የተደረገው የዓለም አእምሮአዊ ንብረት ድርጅት የቅጅ መብት ስምምነት ያን ልዩነት አስቀርቶ ፎቶግራፍን ከሌሎቹ የጥበብ ሥራዎች ጋር አስተካክሎታል። የእኛ አዋጅ የወጣው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሕግ አውጪ ሰው ከሕዝቡ አስተያየት ተለይቶ አይኖርም፤ ሕዝቡም ስለ ፎቶግራፍ አንሺ የሚሰማው ስለ ካሜራው ብቻ ከሆነ፣ ሕግ አውጪው ፎቶግራፍን የመሣሪያ ውጤት አድርጎ ቢቈጥረው አይፈረድበትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነውና አስቀድሞ የተናቀው ባለቤቱ ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ እውነትን የሚመለከት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰው በጽሑፍ ያዘዘውን ሥዕል ሠርቶ የሚያቀርብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለ የኮምፒዩተር ዘዴ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ ጥበበኛ በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ውድድር በአንድ ክፍል አሸናፊ ተብሎ ሳለ፣ ሥዕሉ በዚህ ዘዴ የተሠራ መሆኑን በአደባባይ ተናግሮ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማይልስ አስትሬይ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ በተቃራኒው፣ በካሜራ ያነሣውን የእውነተኛ ወፍ ፎቶግራፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለተሠሩ ሥዕሎች በተለየ ውድድር አስገብቶ ተሸለመ፤ እውነቱን በገለጠ ጊዜም ከውድድሩ ተሰረዘ። በሁለቱም ጊዜ የዳኞች ዓይን የሥዕሉን ምንጭ ሊለይ አልቻለም። እውነቱ የታወቀው ሠሪዎቹ በተናገሩ ጊዜ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ማየት ብቻውን ለምስክርነት የማይበቃበት ዘመን ደርሷል። የአንድን ፎቶግራፍ እውነተኛነት የሚያረጋግጥልን ሰው ነው፤ የት እንደ ቆመ፣ መቼ እንዳነሣ፣ ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ቀነሰ የሚነግረን፣ ስሙንም አስይዞ የሚመሰክር ሰው። ሠሪውን ስለ አሠራሩ የመጠየቅ ልማድ ያልነበረው ሕዝብ፣ ሐሰተኛ ሥዕል በእሳት ላይ ጭድ ሆኖ በሚቀርብለት ቀን «ይህን ማን አነሣው?» ብሎ መጠየቅን ከየት ይማራል? በመንደርና በመንደር መካከል ጠብ የሚጭር ሥዕል በስልክ ሲዛመት ማየት ለማንኛችንም አዲስ አይደለም። ዛሬ በጭውውት ላይ የምናስተምረው ጥያቄ ነገ ደም የሚያድን ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ጊዜውም አይጠብቀንም። አቶ ሽመልስ ደስታ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት አገልግለዋል። ኔጌቲቮቹ ከአብዮቱ ዘመን ተርፈው እ.ኤ.አ. በ2007 በለንደን ከተማ ለሕዝብ ታይተዋል። በንጉሠ ነገሥት ፊት ካሜራ ይዞ የሚቆም ሰው ምን ያህል መቅረብ ይፈቀድለት ነበር? የትኛውን ሁኔታ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር? ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ማን ያየው ነበር? ዘመን ሲለወጥስ ያው ካሜራ ሌላውን መንግሥት እንዴት ተመለከተ? እንዲህ ያለው ዕውቀት በኔጌቲቩ ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው በሰውየው ልብ ውስጥ ነው። በየከተማው የአገሩን ሰው ሠርግና ተዝካር፣ ምርቃትና ስንብት ሲያነሡ የኖሩ ሽማግሌ የፎቶግራፍ ቤት ባለሙያዎች አሉ። ሣጥናቸው ለልጆቻቸው ይቀር ይሆናል፤ ያልተጠየቁት ነገር ግን አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጆች ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር የአንሺውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ። በኮምፒዩተር የተለወጠም ከሆነ መለወጡን ይግለጹ። የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ለዓመታዊ መጽሔትና ለቀን መቍጠሪያ ፎቶግራፍ ሲያሠሩ ስሙን ከውሉ ጋር ያስመዝግቡ፤ በመዝገብ ቤታቸው ያሉትንም የቀድሞ ፎቶግራፎች የሚያውቋቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠርተው ያስጽፉ። የሕግ ባለሙያዎች 25 ዓመት የተባለው ገደብ ስለሚሻሻልበት መንገድ ይምከሩ። ጋዜጠኞች እንግዳቸውን ከመጥራታቸው በፊት ሥራውን ይመልከቱ፤ ሥራውን ያየ ሰው ስለ ካሜራ ለመጠየቅ ጊዜ አያገኝም።

መምህራን ሆይ፣ ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። አንድ ፎቶግራፍ በሰሌዳው ላይ ለጥፋችሁ «አንሺው የት ቆሞ ነበር? ምን ትቶታል? ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያነሣ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ትምህርት ነው። እናንተም ተማሪዎች በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክ የፎቶግራፍ መሣሪያ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ በሰፈራችሁ ወዳለው ሽማግሌ ፎቶግራፍ አንሺ ሂዱና ሥራውን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ለምኑት፤ የሚነግራችሁንም ጻፉት።

ለፎቶግራፍ አንሺዎችና ለኮምፒዩተር ሥዕል ጥበበኞችም አንድ ቃል አለን። ጥፋቱ ሁሉ የጠያቂ አይደለም። ከእናንተም መካከል ሳይጠየቅ ስለ መነጽሩ ርዝመትና ስለ ካሜራው ስም የሚያወራ፣ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን «ዝም ብዬ ነው ያነሣሁት» ብሎ የሚያልፍ አለ። ዝም ብሎ የተነሣ ጥሩ ሥዕል እንደሌለ እናንተው ታውቃላችሁ። ሕዝቡ እንዲያከብራችሁ የምትሹ ከሆነ ስለ ምርጫችሁ ተናገሩ፤ ስለ ምርጫችሁም ተከራከሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ጠያቂው «በምን ካሜራ ነው ያነሡት?» ሲላችሁ ባጭሩ መልሱለትና «አሁን ደግሞ ስለ ምን እንዳነሣሁት ይጠይቁኝ» በሉት።